ከሶኮኬ ጫካ እስከ ሚዳ ባሕር፤ የአንድ ቀን የእግር ጕዞ

ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ በመኪና የሚጓዝ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ በስተቀኙ ወዳለው ባሕር ነው። በስተግራው ግን አራቡኮ ሶኮኬ የሚባለው ጫካ ተዘርግቶ ይገኛል። ስፋቱ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከቀሩት ደረቅ ደኖች ሁሉ ትልቁ ነው። ይኸውም ቀድሞ ከሶማሊያ እስከ ሞዛምቢክ ተያይዞ ይገኝ ከነበረው የጠረፍ ደን የተረፈ ቍራጭ ነው። ይህ ቍራጭ እንዴት ሊተርፍ እንደ ቻለ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከጎሕ እስከ ጀንበር ጥልቀት በእግሩ ቢጓዝ ብዙ ነገር ይማራል።

መንገደኛው ማልዶ በጌዴ አጠገብ ካለው የደን ጥበቃ ጣቢያ ይነሣል። በጫካው ውስጥ ዝሆኖች ስላሉ ያለ መሪ መግባት አይበጅም። በመጀመሪያ ልዩ ልዩ ዛፍ የተደባለቀበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ያገኛል። ቀጥሎ በነጭ አሸዋ ላይ ብራኪስቴጂያ የሚባሉት ረጃጅም ዛፎች ተራርቀው ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ አፈሩ ቀይ ይሆንና ቍጥቋጦው ሰው አላሳልፍ ይላል። በዚሁ ቍጥቋጦ ውስጥ ቁመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ የሶኮኬ ጉጉት ትኖራለች። በደረቅ ቅጠል ላይ ኮሽታ ሲሰማም፥ አፍንጫዋ እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ፥ የኋላ ጠጕሯ ወርቅ የሚመስል ግማሽ ኪሎ ያህል የምትመዝን ትንሽ አውሬ ፈጥና ታልፋለች።

ጫካው በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን በሕግ ተከለለ። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን መጥረቢያን አያግድም። ዝሆንና ዝንጀሮ ሰብሉን የሚያጠፉበት ገበሬ ጫካው ተመንጥሮ መሬቱ እንዲሰጠው ቢመኝ የሚያስደንቅ አልነበረም። በ1993 ግን ኪፔፔዎ የተባለ ሥራ በጌዴ ተጀመረ፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ ቋንቋ ቢራቢሮ ማለት ነው። ገበሬዎቹ የጫካውን ቢራቢሮዎች ያረባሉ፤ ትሉ ክንፍ ሊያወጣ በሽፋኑ ተጠቅልሎ ሳለም ለሽያጭ ያቀርቡታል። ሸቀጡም በአውሮፕላን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የቢራቢሮ ማሳያ ቤቶች ይላካል። ቢራቢሮው የሚመገበው ዛፍ ከተቈረጠ ንግዱ ስለሚቋረጥ፥ የገበሬው ጥቅምና የጫካው ሕይወት በአንድ ገመድ ታሰሩ።

ፀሐይ ከፍ ስትል መንገደኛው ወደ ጌዴ ፍርስራሽ ይደርሳል። እዚህ በመርጃን ድንጋይ የተሠሩ ታላቅ መስጊድ፥ ቤተ መንግሥትና መቃብሮች በዛፍ ሥር ተጠላልፈው ይታያሉ። የምጽዋን የቀድሞ ቤቶች ያየ ሰው ድንጋዩን ወዲያው ያውቀዋል። በአንደኛው መቃብር ላይ በሒጅራ አቈጣጠር 802፥ ማለት 1399 የሚል ዘመን ተቀርጿል። በ1948 ጄምስ ከርክማን ቍፋሮ በጀመረ ጊዜ የቻይና ሸክላ ሳሕን ስብርባሪ ከመሬት ወጥቷል። ይህን ያህል ከሩቅ አገር ይነግድ የነበረው ከተማ በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ባዶ ቀረ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የጕድጓዶቹ ውኃ መራቅ ሳይሆን እንዳልቀረ ይገመታል። ሰው ሲለቀው ጫካው ወረሰው። በ2024 ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ከጌዴ እስከ ዋታሙ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ በጠረፉ ለመሄድ የባሕሩን መጕደያ ሰዓት አስቀድሞ ከዓሣ አጥማጆች መጠየቅ ይገባል፤ ባሕሩ በሞላ ጊዜ የአሸዋው መንገድ በድንጋይ ገደል ሥር ይጠፋልና። ውኃው ሲሸሽ ግን የመርጃኑ ሜዳ ይገለጣል። ይህ ባሕር በ1968 የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፥ በውስጡ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው።

በመጨረሻ መንገደኛው በሚዳ ወሽመጥ አፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያም በታንኳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በጨው ውኃ የሚበቅለው ማንግሮቭ ዙሪያውን ከቦታል። የዚህ ዛፍ ግንድ ምስጥ ስለማይደፍረው፥ ለጣሪያ ወራጅ ይሆን ዘንድ በሳንቡክ እየተጫነ ወደ ዐረብ አገር ለብዙ ዘመን ሲሸጥ ኖሯል። ኬንያ በ1982 ወደ ውጭ መላኩን ከልክላለች። ዛሬ በዛፎቹ መካከል የተንጠለጠለ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ከጐብኚዎች የሚሰበሰበውም ገንዘብ የአካባቢውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ሲረዳ ቈይቷል። በጭቃው ላይ ጥቍርና ነጭ ወፎች በመንጋ ሸርጣን ይለቅማሉ። የዚህ ወፍ ወገን በዳህላክ ደሴቶች አሸዋ ውስጥ ጕድጓድ ቈፍሮ አንድ ነጭ እንቍላል የሚጥለው ነው።

እንግዲህ ጫካውን የጠበቀው አስተዳዳሪው ብቻ ወይም ነጋዴው ብቻ አይደለም። አስተዳዳሪው ወሰኑን አስከበረ፤ ነጋዴው ሳይቈረጥ ለሚሸጥ ነገር ገዢ አገኘ። ከሁለቱ አንዱ በጐደለ ጊዜ ጫካው ለከሰል፥ ማንግሮቩም ለማገዶ ይሆናል። ጫካ ሰው የለቀቀውን ከተማ መልሶ ሊሸፍን እንደሚችል ጌዴ ታሳያለች፤ ሰው የጨረሰውን ጫካ መልሶ የሚያበቅል ከተማ ግን እስካሁን አልታየም።