ማንቆርቆሪያውን አትውቀሱ

ሰሞኑን ሰው የሚቀባበለው ቪዲዮ አለ። አንዱ እስክሪብቶ የሚያክል መለኪያ ምንጭ ውስጥ ይነክርና ቁጥሩ ዝቅ ሲልለት «ንጹሕ ነው፤ ጠጡ!» ይላል።

ያ መሣሪያ የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። ከዚያ ተነስቶ የሟሙትን ጨዎች ድምር ይገምታል፤ የትኛው ጨው እንደሆነ አያውቅም። ጆንያ መዝኖ ጤፍ ይሁን ጠጠር መለየት እንደማይቻል ማለት ነው። ባክቴሪያን ደግሞ ጭራሽ አያይም። እሱን ላቦራቶሪ ያገኘዋል፣ ማፍላት ይገድለዋል፤ እንለፈው።

እኔን የሚያሳስበኝ ፍሎራይድ ነው። ከመተሐራና ከወንጂ እስከ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ይይዛሉ። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ካልሲየም ዘበኛ ሆኖ ይይዘዋል፤ ሁለቱ ተጣብቀው ፍሎራይት የሚባል ድንጋይ ይሆኑና ከውሃው ይወጣሉ። በስምጥ ሸለቆ ግን ካልሲየሙ ቀድሞ ታጭቷል። ገሚሱን ካርቦኔት ወስዶ ኖራ ድንጋይ አድርጎታል፤ ገሚሱን ሸክላ አፈር ይዞ በምትኩ ሶዲየም ለቋል። ዘበኛ የሌለው ፍሎራይድ እንደልቡ ይከማቻል።

ስለዚህ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ በከንቱ ይታማል፤ ቅርፊቱ የካልሲየም ነው። በዚያ አካባቢ ይበልጥ የሚያጠራጥረው ካልሲየም ስላነሰው ሳሙና ቶሎ የሚያረፋው፣ ሁሉም የሚያመሰግነው ውሃ ነው። (ይህን «ለስላሳ ውሃ» ብዬ እንዳልጽፍ አንባቢ ኮካ ይመስለዋል። ተቃራኒውን «ከባድ ውሃ» እንዳልል ስሙ ኑክሌር ማብላያ ውስጥ የሚገባ የሌላ ውሃ ነው።) ማፍላትም አያድንም፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል።

1.5 ራሱ የሚያከራክር ቁጥር መሆኑን አልደብቅም። በቆላ ሰው ብዙ ይጠጣል፤ ድርጅቱም አገሮች ይህን አስበው ልክ እንዲያወጡ ይመክራል። ማጣሪያውም ቢሆን ያጨቃጭቃል፦ አልሙና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ በየቀኑ ትክክለኛ መጠን ይፈልጋል፤ የከሰለ አጥንት ደግሞ ሁሉም ቤት አይገባም።

መለካቱ ላይ ግን ክርክር የለም። ለፍሎራይድ ብቻ የተሠራ ኤሌክትሮድ አለ፤ ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ገና ከድድ ሳይወጣ ነው። ልጁ ሲስቅ ካያችሁት ዘግይታችኋል።