ህዋሱ ራሱ የሚያስገባው ባክቴሪያ፦ ላውሶኒያ በአሳማ አንጀት ውስጥ

በአሳማ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እጅግ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ምግብ በሚተላለፍበት ክፍት ቦታ ተወስነው ስለሚኖሩ እንስሳውን አይጎዱም። ተቅማጥ ከሚያስከትሉት መካከል እንኳ ወደ ህዋስ ጨርሶ የማይገቡ አሉ። ኤፍ4 የሚባለው ፀጉር መሰል መያዣ ያለው የኢ. ኮላይ ዝርያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ባክቴሪያው በቀጭን አንጀት ህዋሶች ላይ ተጣብቆ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ህዋሶቹ ውሃና ጨው ወደ አንጀቱ እንዲያፈስሱ ስለሚያደርግ ግልገሉ በተቅማጥ ይዳከማል፣ ባክቴሪያው ግን እስከ መጨረሻው ከህዋሱ ውጭ ነው። ከዚህ በተለየ መንገድ የሚኖሩት ጥቂት ባክቴሪያዎች የህዋሱን ሽፋን አልፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚያስከትሉት በሽታ ጠባይም ሆነ የሕክምናው ዘዴ በአብዛኛው ከዚህ አገባባቸው የሚመነጭ ነው።

ህዋስ በስብና በፕሮቲን በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ይህ ሽፋን ግን እንደ ግንብ የቆመ አይደለም፤ ህዋሱ ከውጭ የሚፈልገውን ነገር ሽፋኑን ወደ ውስጥ በማጠፍ ይከብበዋል፣ ከዚያም እጥፋቱ ተቆርጦ በሽፋን የተጠቀለለ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ የመዋጥ ሂደት በሳይንሱ ኢንዶሳይቶሲስ ይባላል። ሽፋኑን እየገፋና እየሳበ ቅርጹን የሚለዋውጠው ከሥሩ የተዘረጋው የክር መረብ ሲሆን፣ ክሮቹ የሚሠሩት አክቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ወደ ህዋስ የሚገቡ ባክቴሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠቀሙት ይህንኑ የህዋሱን የመዋጥ ችሎታ ነው፤ ልዩነታቸው ህዋሱን ለዚህ ተግባር የሚያነሣሡበት መንገድ ላይ ነው።

በአሳማም በሰውም ላይ በሽታ የሚያስከትለው ሳልሞኔላ ህዋሱን የሚያስገድድ ነው። ባክቴሪያው በአካሉ ላይ በተተከለ መርፌ መሰል መሣሪያ ፕሮቲኖችን በቀጥታ ወደ ህዋሱ ይወጋል፤ እነዚህ ፕሮቲኖች የአክቲኑን መረብ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያናውጡት የህዋሱ ሽፋን በሞገድ መልክ ተነሥቶ ባክቴሪያውን ይውጠዋል። ከገባም በኋላ ሳልሞኔላ በአመዛኙ በተጠቀለለበት ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፤ በሌላ ሁለተኛ መርፌ መሰል መሣሪያም ከረጢቱን ለራሱ በሚመች መልክ ያስተካክለዋል።

ላውሶኒያ ኢንትራሴሉላሪስ የሚባለው ባክቴሪያ አገባብ ከዚህ ይለያል። ይህ ባክቴሪያ የአሳማን ቀጭን አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ማለትም ኢሊየምን፣ የሚያጠቃ ሲሆን፣ የሚያስከትለው በሽታ የአንጀቱን የውስጥ ግድግዳ በማወፈር ይታወቃል። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ቢስተርና ሽዋርት በተባሉ ተመራማሪዎች ነበር። መንስኤው ግን ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ቆየ፤ በ1970ዎቹ በስኮትላንድ ኤድንብራ የጎርደን ላውሰን ቡድን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር በተጎዱት ህዋሶች ውስጥ ቆልመም ያሉ ባክቴሪያዎችን ቢያገኝም፣ ባክቴሪያዎቹን በተለመደው የላቦራቶሪ ምግብ ላይ ማሳደግ አልተቻለም፤ በምትኩ ከአንጀቱ ተለይተው ያደጉት ካምፒሎባክተር የሚባሉት ለብዙ ዓመታት ተጠያቂ ተደርገው ተወሰዱ።

የችግሩ ሥር ባክቴሪያው በሕያው ህዋስ ውስጥ ካልሆነ በቀር የማይባዛ መሆኑ ነበር። በመሆኑም በ1993 የኤድንብራው ቡድን ከአይጥ አንጀት በተገኙና በላቦራቶሪ በሚባዙ ህዋሶች ውስጥ፣ የኦክስጅን መጠኑ በእጅጉ በተቀነሰ አየር፣ ሊያሳድገው ቻለ። በዚህ መንገድ ያደገው ባክቴሪያ ለጤናማ አሳማዎች ሲሰጥ በሽታውን በማስከተሉ የመንስኤው ጥያቄ ተዘጋ፤ በ1995 የወጣለት ስምም የላውሰን መታሰቢያ ሆነ። ባክቴሪያውን በህዋስ ውስጥ ማሳደግ መቻሉ አገባቡን በደረጃ ለመከታተልም በር ከፍቷል።

እነዚህ ጥናቶች እንዳሳዩት ባክቴሪያው መጀመሪያ ከህዋሱ የላይኛው ገጽ ጋር ይጣበቃል። በዚህ ደረጃ ኤልኤስኤኤ የተባለ በባክቴሪያው ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ድርሻ እንዳለው የታወቀው፣ ፕሮቲኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በሚጨመርበት ጊዜ የሚገቡት ባክቴሪያዎች ቁጥር በመቀነሱ ነው። ከዚያ ህዋሱ ባክቴሪያውን በከረጢት ጠቅልሎ ያስገባዋል። የአክቲንን ሥራ የሚያውክ ሳይቶካላሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲጨመር አገባቡ ይቀንሳል፤ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን በፎርማሊን የተገደሉ ባክቴሪያዎች ጭምር ወደ ህዋሱ መግባታቸው ነው። የሞተ ባክቴሪያ የሚገፋበትም ሆነ አዲስ ፕሮቲን የሚወጋበት ኃይል ስለሌለው፣ የመግባቱን ሥራ በዋናነት የሚያከናውነው ህዋሱ ራሱ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕያው መሆን የሚያስፈልገው ከገባ በኋላ ላለው ሥራ ነው። ህዋስ የዋጠውን ከረጢት እንደ ልማዱ መፍጫ ኬሚካሎች ወደያዙ ክፍሎች ይልከዋል፤ ላውሶኒያ ግን በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከረጢቱን ሰብሮ ሳይቶፕላዝም ወደሚባለው የህዋሱ ውስጣዊ ፈሳሽ ይወጣል። ሳልሞኔላ በከረጢቱ ውስጥ ቤቱን ሲሠራ ላውሶኒያ ከረጢቱን ጥሎ የሚወጣ በመሆኑ፣ በበሽተኛ አሳማ ህዋስ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ያለ አንዳች መጋረጃ ተበትነው ይታያሉ፤ በዚያም ለሁለት እየተከፈሉ ይባዛሉ።

ባክቴሪያው የሚመርጠው ህዋስ ዓይነትም የበሽታውን መልክ ይወስናል። የቀጭን አንጀት ግድግዳ ምግብ የሚመጥጡ ጣት መሰል ጉብታዎች ያሉት ሲሆን፣ በጉብታዎቹ ሥር ክሪፕት የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ይገኛሉ። በክሪፕቶቹ ውስጥ ያልበሰሉ ህዋሶች ያለማቋረጥ እየተከፈሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በጉዟቸውም በስለው ምግብ የመምጠጥ ሥራቸውን ይጀምራሉ፣ በመጨረሻም ከጫፉ ይራገፋሉ። ላውሶኒያ የሚገባው በእነዚህ በመከፋፈል ላይ ባሉ ህዋሶች ውስጥ ነው። የተያዘው ህዋስ ከመሞት ይልቅ ሳይበስል መከፈሉን ስለሚቀጥል ባክቴሪያዎቹም ለልጅ ህዋሶች እየተከፋፈሉ ይተላለፋሉ፤ ክሪፕቶቹ ይረዝማሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ ንፍጥ የሚያመነጩ ህዋሶች ይጠፋሉ፣ ግድግዳውም ይወፍራል። ያልበሰለ ህዋስ ምግብ በአግባቡ መምጠጥ ስለማይችል፣ ከስድስት እስከ ሃያ ሳምንት ባለው ዕድሜ ላይ የሚገኙ በማደግ ላይ ያሉ አሳማዎች መኖ እየበሉም ክብደታቸው አይጨምርም። ከአራት ወር በላይ በሆናቸው ወጣት አሳማዎች ላይ ደግሞ በሽታው በድንገት ከባድ የአንጀት መድማት አስከትሎ ሊገድል ይችላል።

በባክቴሪያ የተሞሉት ህዋሶች ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ ሲራገፉ ባክቴሪያዎቹ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ፤ የተያዘ አሳማም እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊያሰራጫቸው ይችላል። ከህዋስ ውጭ መባዛት ባይችሉም ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ በዓይነ ምድር ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚቆዩ፣ ሌላ አሳማ ሲልሳቸው ወይም ከመኖ ጋር ሲውጣቸው ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። በረትን በደንብ ሳያጸዱ አዲስ መንጋ ማስገባት አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የሕክምናው ስልትም ይህንኑ አገባብ የተከተለ ነው። ጠላቱ በህዋስ ውስጥ ስለተሸሸገ የሚመረጡት መድኃኒቶች እንደ ታይሎሲንና ቲያሙሊን ያሉ፣ ወደ አንጀት ህዋሶች ዘልቀው የመግባት ችሎታ ያላቸው አንቲባዮቲኮች ናቸው። አንቲባዮቲኮችን በመኖ እየደባለቁ ለማደለቢያነት መስጠት ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህን አሠራር በ2006 ሙሉ በሙሉ ሲከለክል ክትባት ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በአፍ የሚሰጠው ክትባት የሚዘጋጀው ከተዳከመ ሕያው ላውሶኒያ ነው፤ የተዳከመው ባክቴሪያ እንደ እውነተኛው በአንጀት ህዋሶች ውስጥ ገብቶ በሽታ ሳያስከትል የሰውነትን መከላከያ ያነቃቃል። በዚህም ምክንያት ክትባቱ በሚሰጥበት ሰሞን ላውሶኒያን የሚገድል አንቲባዮቲክ ከመኖና ከውሃ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በበሽታ አምጪውና በክትባቱ መካከል ስለማይለይ፣ ከህዋሱ ጋር መገናኘት የነበረበትን ክትባት ከመገናኘቱ በፊት ያጠፋዋል፣ አርቢውም ሁለቱንም ገዝቶ ከሁለቱ አንዱን በከንቱ ያወጣል።