የሥነ ልቦና ሆረር ፖስተር፦ አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን

የሥነ ልቦና ሆረር የሚባለው ፊልም ፍርሃቱን የሚቀዳው ከባለታሪኩ አእምሮ ነው። ባለታሪኩ ያየው ነገር በእርግጥ ነበር ወይስ ለእሱ ብቻ ታየው? ጥያቄው እስከ መጨረሻው አይለቅም። የፖስተሩ ሥራ ይህንኑ ጥያቄ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ መልሱን የለጠፈ ዲዛይነር ፊልሙን አስቀድሞ ጨርሶታል።

ስለ መጠንና ስለ ጽሑፉ ዝርዝር ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የለመዱት ልክ 69 በ102 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ማተሚያ ቤቱ የያዘው ወረቀት ወይም የባነሩ ጥቅል ስፋት ይወስናል። ርዕስ፣ የተዋንያንና የአዘጋጁ ስም፣ የሚታይበት ቀንና ቦታ ይኖራሉ።

ትልቁ ስህተት ደም ነው። ሆረር ሲባል ደም፣ የራስ ቅልና የሚጮኽ አፍ ማግበስበስ፣ ወይም ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነ ነጭ ለባሽ ልጅ ከጃፓን ፊልም መዋስ ልማድ ሆኗል። በዘርፉ የሚጠቀሱት ፖስተሮች ግን ከዚህ የራቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ሮዝሜሪስ ቤቢ» ፖስተር ላይ ያለው ወደ ላይ ያቀና የሴት ፊት በጎን፣ አረንጓዴ ድባብና የሕፃን ጋሪ ጥላ ብቻ ነው። በ1991 የታየው «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ደግሞ የአንዲት ሴትን አፍ በእሳት ራት ሸፍኖ ዓይኖቿን ትቷቸዋል። በሁለቱም አንድ ጠብታ ደም የለም።

የባለታሪኳ የሮዝሜሪ ፊት በጎን መሆኑ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ዘንድ ተጨማሪ ትርጉም ያገኛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፤ ፊት ለፊት ወይም በጥቂቱ ዘወር አድርጎ። ይሁዳን፣ ሰይጣንን፣ የሚያሠቃየውን ወታደር ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ያስቀምጣቸዋል። በየዘመኑ ደንቡን የጣሱ ሠዓሊዎች ቢኖሩም ልማዱ ጽኑ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የክፉው ዓይን ከምእመኑ ዓይን እንዳይገጥም ነው የሚል ነው። በዚህ ዓይን ካየናት ሮዝሜሪ ተከሳሽ ናት። በፊልሙ ግን የምትጠቃው እሷው ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት ብዙዎች አእምሮዋ ታውኳል ይሏታል። አንድ ዓይን ብቻ ማየታችን እኛንም ከእነዚያ ሰዎች ጋር ያሰልፈናል። የፖስተሩ ዲዛይነሮች ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ማሰባቸው ያጠራጥራል፤ ለእኛ ግን መሣሪያው ከልጅነት ጀምሮ በእጃችን አለ።

የዓይኑ ነገር ሌላው ወገን ክታብ ነው። ደብተራው ብራናውን ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ አዘጋጅቶ ጸሎቱን ይጽፍበታል፣ ጠልሰሙንም ይሥልበታል። የጠልሰሙ ዓይኖች የፈጠጡና ፊት ለፊት የሚያዩ ናቸው። እምነቱ በሰውየው ያደረው መንፈስ በሰውየው ዓይን በኩል ሥዕሉን አይቶ ይደነግጣል፣ ይሸሻል የሚል ነው። ስለዚህ የፈጠጡ ሁለት ዓይኖች በእኛ ሥዕል ፈዋሽ ናቸው፤ ፖስተር ላይ የሚያስፈራ ይመስል ዓይን አስፈጥጦ የሚለጥፍ ሰው ይህን ቢያስብበት ይበጃል። ይህን ሀብት ወደ ዘመናዊ ሥዕል ካመጡት አንዱ እስክንድር ቦጎሲያን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ባስተማረበት፣ ዛሬ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያሉ የዲዛይን ተማሪዎች የእሱን ሥዕሎች ከሲኒማ ፖስተር አጠገብ አድርገው ቢያዩት ብዙ ያተርፋሉ።

የሥነ ልቦና ሆረር ባለታሪክ ከጻድቁም ከይሁዳም ወገን አይመደብም። ስለዚህ ፊቱ በሁለቱ አሣሣል መካከል መቆም አለበት፦ ሁለተኛው ዓይን አለ፣ ግን ገና አልታየም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ጤዛ» ሆረር አይደለም፤ ቢሆንም ከጀርመን ወደ መንደሩ ተመልሶ በቅዠትና በተቆራረጠ ትዝታ የሚናጠው አንበርብር እንዲህ ያለ ፊት ይገባዋል። ዓይኑን የሚሸፍነው ነገር ግን ከታሪኩ ውስጥ መውጣት አለበት፤ የበር መቃን፣ የነጠላ ጠርዝ፣ ከውጭ የታየ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ፊት በኮምፒውተር ጥቁር ቀብቶ «ምሥጢራዊ ነው» ማለት ስንፍና ነው። ተዋናይዋ ፎቶ ስትነሣ መጋረጃው እዚያው ይኑር፤ በኋላ የሚለጠፍ ጥላ ብርሃኑ ከፊቷ ጋር ስለማይስማማ ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ያስታውቃል።

ርዕሱ የራሱ አደጋ አለው። ከፊደሉ እግር ደም ማንጠብጠብ የተወደደ ጌጥ ነው፤ ፊደላችን ግን ድምፁን የሚለውጠው በእግሩ ነው። የ«በ» ቀኝ እግር ሲረዝም «ባ»፣ ግራው ሲረዝም «ቦ» ይሆናል፤ «ሰ» እና «ከ» እንዲሁ። «በላ» የሚል ርዕስ በቀኝ በኩል ደም ቢንጠባጠብበት «ባላ» ተብሎ ይነበባል፣ «ከሳ» ደግሞ «ካሳ»። ለላቲን ፊደል የተፈጠረ ጌጥ እንዳለ ሲገለበጥ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው። ፊደሉን ማሻከርና መቦጨቅም ቅጥያዎቹን ይበላቸዋል፤ «ቡ»ን ከ«በ» የሚለየው አንዲት አጭር ሰረዝ ናት። ማስፈራት የፈለገ ርዕሱን አሳንሶ፣ ፊደሉን ንጹሕ አድርጎ፣ ዙሪያውን ባዶ ይተውለት።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ሌላ ጣጣ ያክላሉ። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሆለታ ብዙ ማስታወቂያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ይጻፋል፤ በቁቤ (በላቲን ፊደል) የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞ ቃል ብዙ ጊዜ ረጅም ስለሆነ ቦታው ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይቀመጥለት፣ በመጨረሻ ጥግ ላይ አይወሸቅ። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ የደጋ ፀሐይ ለቀለም ጨካኝ ነው። በተራ ሕትመት ላይ ቢጫውና ቀዩ ቀድመው ይነጥፋሉ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ፤ በደም ያሸበረቀው ፖስተር ሳምንታት ሲያልፉ የገረጣ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፍርሃቱን በጥቁርና በሰማያዊ የሠራ ግን ፊልሙ ከሲኒማ ቤት እስኪወርድ ድረስ አይከስርም።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ቅጂ በኤ4 ወረቀት አትሞ በመንገድ ዳር ካለ ግድግዳ ላይ መለጠፍና ከሚያልፍ ታክሲ መስኮት ማየት ይበቃል። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ርዕሱ ካልተነበበና ዓይኑ ካልተገኘ ፖስተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለስ።