የቡና ገለፈት ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ

ጅማ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ ዙሪያ የሚገኙት የእሸት ቡና መፈልፈያና የደረቅ ቡና መቀሸሪያ ጣቢያዎች ሥራ አይፈቱም። ገበሬው የለቀመው ቡና በጆንያ ይገባል፤ ፍሬው ተለይቶ ለገበያ ይወጣል። በጣቢያው ጓሮ የሚቀረው ክምርም ቀላል አይደለም። ከእሸት ቡና ክብደት 40 ከመቶ ያህሉ ልጣጭ ሲሆን፣ ጀንፈል ሲቀሸር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ተረፈ ምርት አብዛኛው ዕጣ መቃጠል ወይም ወደ ወንዝ መውረድ ሆኖ ቆይቷል። ልጣጩ ስኳር ስላለው ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጂን ይጨርሳል፤ ወንዙ ይከረፋል፤ በውስጡ ያለው ሕይወት ይጠፋል። ዓለማየሁ ሀዲስና ራኒ ዴቪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የጅማ ዞን ጥናት፣ ከቡና ጣቢያ በታች ያለውን ውሃ የሚጠቀሙ ነዋሪዎች የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንደሚደርስባቸው አመልክተዋል።

ይኸው ክምር አሁን የኬሚስትሪ ባለሙያዎችን ዓይን ስቧል። የሚፈልጉትም ካታሊስት ሊያወጡበት ነው። ካታሊስት እንደ ገበያ ደላላ ነው። ገዥንና ሻጭን ቶሎ ያገናኛል፣ እርሱ ግን አይሸጥም አይለወጥም፤ ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ገበያ ይዘጋጃል። በፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መካከል ኮስቲክ ሶዳና ሰልፈሪክ አሲድ ይገኙበታል። እነዚህ ከምርቱ ጋር ስለሚቀላቀሉ መልሶ መጠቀም ያስቸግራል፤ ምርቱን ለማጥራትም ብዙ ውሃ ይባክናል። ጠጣር ካታሊስት ግን ተጣርቶ እንደገና ሊሠራበት ይችላል።

ከቡና ገለፈት ካታሊስት ለማግኘት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አመዱ ነው። የቡና ፍሬ ከአፈሩ ብዙ ፖታሲየም ይስባል፤ ገለፈቱ ሲቃጠል ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። እናቶች በአመድ ድስት ሲፈትጉ ቅባቱ የሚለቀው በዚሁ ጠባዩ ነው። በሚገባ የተቃጠለው አመድ ከዘይትና ከሜታኖል ጋር ሆኖ በ60 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል እንደሚለውጠው በቤተ ሙከራ ታይቷል። ዘይቱም ለምግብ ከማይውሉት ከጃትሮፋ ወይም ከጉሎ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ገለፈቱን አየር በጣም ባነሰበት ምድጃ አክስሎ በሰልፈሪክ አሲድ ማከም ነው። የጃፓን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከስኳር እንዲህ ያለ ጠጣር አሲድ ሠርተው ካስታወቁ ወዲህ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የእርሻ ተረፈ ምርቶች በዚሁ መንገድ ተሞክረዋል።

ይሁን እንጂ ገና የሚቀር ሥራ አለ። ከአመዱ የሚሠራው ካታሊስት በተደጋገመ ቁጥር ፖታሲየሙ እየታጠበ ኃይሉ ይደክማል። አሲዱ ያቃጥላል፣ ሜታኖሉም መርዝ ነው፤ በመሆኑም ይህ በየቤቱ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት አፈሩ ነው። በገለፈቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተወሰደው ከጎማና ከማና የቡና ማሳ ነው። ገለፈቱ ሁሉ ወደ ፋብሪካ ቢጋዝ ማሳው ሳይመለስለት ይቀራል። ስለዚህ ቅድሚያ ለኮምፖስት፣ ትርፉ ለምርምርና ለኢንዱስትሪ ቢሆን ይበጃል።

የቡና አምራች ማኅበራት ፋብሪካው እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። እርጥቡን ልጣጭ ከወንዝ አርቆ በጉድጓድ ማከማቸት፣ ከፍግና ከቅጠል ጋር እያገላበጡ ኮምፖስት ማድረግ ዛሬ የሚቻል ነው። ደረቁንም ገለፈት ከአፈርና ከጠጠር ለይቶ ዝናብ በማይደርስበት ማኖር ያስፈልጋል፤ የራሰና የቆሸሸ ገለፈት ለምድጃም ለካታሊስትም አይመችም። ለምክር እሩቅ መሄድ አያሻም። በመልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልና እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የግብርና ኮሌጅ በዚያው በጅማ ናቸው።

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባለው፣ የወንዙ መጥራት የሚጀምረው ከጣቢያው ጓሮ ነው። የካታሊስቱም ጥሬ ዕቃ የሚገኘው ከዚያው ነው።