ጫት በነርቭ ጫፎች ላይ የሚያደርሰው ለውጥና የመምህሩ ድርሻ

ከጣርማ በር ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ሲደረስ፣ ጫት ለገበሬው የገቢ ምንጭ፣ ለአንዳንድ ተማሪ ደግሞ የጥናት ጓደኛ ሆኖ ይገኛል። ፈተና ሲቃረብ «ያነቃል» እየተባለ ይቃማል። ይህ ንቃት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለመምህሩም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪው ይጠቅማል።

በአንዳንድ ነርቮች ጫፍ ውስጥ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚንን የመሳሰሉ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮች በጥቃቅን ከረጢቶች ተከማችተው ይቀመጣሉ። ነርቩ ሲነሳሳ የኤሌክትሪክ ምልክት ከጫፉ ይደርሳል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቶቹም ይዘታቸውን በሁለቱ ሕዋሳት መካከል ወዳለው ክፍተት ያፈሳሉ። መልእክቱ ከተላለፈ በኋላ ከፈሰሰው አብዛኛው በዚያው ጫፍ ተመልሶ ይወሰድና እንደገና በከረጢት ይከማቻል። ነርቩ በተደጋጋሚ ሲነሳሳም ክምችቱ በቀላሉ አይሟጠጥም፤ አንድም የወጣው ስለሚመለስ፣ ሁለትም አዲሱን የማዘጋጀት ሥራ ስለሚፋጠን ነው። ኡልፍ ፎን ኦይለር የክምችቱን፣ ጁሊየስ አክሰልሮድ ተመልሶ የመወሰዱን ምሥጢር በማጥናታቸው፣ ከበርናርድ ካትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል።

ጫት ይህን ሥርዓት ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላቦራቶሪ ከጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን በባሕርዩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። የነርቩን ምልክት ሳይጠብቅ ክምችቱ እንዲፈስ ያደርጋል፤ የፈሰሰውም ተመልሶ እንዳይወሰድ ያግዳል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ቃሚው ትኩሱን ይመርጣል።

እንግዲህ ምርቃና አዲስ ኃይል የሚፈጠርበት ሳይሆን፣ የተከማቸው ያለ ልክ የሚወጣበት ሁኔታ ነው። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይጠፋሉ። ምርቃናው ሲያልፍ ድካምና ድብርት፣ በልማደኛው ላይ ደግሞ ሐራራ ይከተላል። የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚጸናው በይበልጥ በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ሲቅም ያደረ ተማሪ ሊያተርፍ የፈለገውን ያጎድላል።

ስለዚህ መምህሩ ከተግሣጽ አስቀድሞ ምክንያቱን ቢያስረዳ ይበልጥ ይደመጣል። የነርቭ ሥርዓት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ ጫት በምሳሌነት ሊቀርብ ይገባል። ዕቅድ አውጪዎችም የጥናት ሰዓትንና የፈተና ፕሮግራምን ሲያወጡ ለተማሪው እንቅልፍ በቂ ጊዜ ሊተዉ፣ ቤተሰቡ በጫት ገቢ የሚተዳደረውን ተማሪም በማያሳፍር መንገድ እንዲማር ሊያስቡበት ይገባል።