ሳሎን የቀረው ዋይፋይ

የፋሲካ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ሳትጨርስ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ሁለት ሦስቴ «ሄሎ» ካለች በኋላ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «በሉ እናንተ ጠጡ፣ እኔ ሳሎን ገብቼ ላናግራት» አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። እህቴ ያሳደጓትን ጎረቤቶች ሳታይ፣ እነርሱም ሳያይዋት በዓሉ አለፈ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ከሰዓት በኋላዋን የምታሳልፈው ፀሐይ ባለበት ግቢ ነው። ከልጇ ጋር ለማውራት ግን ሁልጊዜ ደረጃ ወጥታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ መቀመጥ ነበረባት።

በሳምንቱ ችግሩን በገንዘብ ልፈታው ተነሣሁና ሪፒተር ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ ብዙ ሜትር ይሸፍናል የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ከቁጥሩ በፊት ያለችውን «እስከ» የምትል ትንሽ ቃል ማየት ነበረብኝ፤ እኔም በሥራዬ እጠቀምባታለሁ። ቁጥሩ የሚሠራው ግድግዳም ዛፍም በሌለበት ሜዳ ነው። ሪፒተሩን አቮካዶው አጠገብ ባለው ሰርቪስ ቤት ሰካሁት። ስልኬ ላይ ሲግናሉ ሞልቶ ታየ፤ ቪዲዮው ግን እንደ ቀድሞው ተቆራረጠ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሪፒተር የሚያገኘውን ተቀብሎ መልሶ ያስተላልፋል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ስልኬ ላይ ሞልቶ የታየው በስልኬና በሪፒተሩ መካከል ያለው ሲግናል ነው፤ ሪፒተሩ ራሱ ከሳሎኑ ራውተር የሚደርሰው እፍኝ ያህል ነበር። ቦታው መሐል ላይ፣ ሲግናሉ ገና ሳይደክም ነው። በዚያ ላይ ርካሾቹ የሚቀበሉትም የሚያስተላልፉትም በአንዱ ሞገድ ስለሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል።

ስለዚህ እርስዎ ብር ከማውጣትዎ በፊት ስልክዎን ይዘው ግቢዎን ይዙሩ። መጀመሪያ ራውተሩ ሥር ቆመው ፍጥነቱን ይለኩ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ዋይፋዩ ሳይሆን የገዙት የኢንተርኔት ፓኬጅ ወይም መስመሩ ነው፤ ሪፒተር ቢገዙ አይስተካከልም። እዚያ ጥሩ ከሆነ ወደ ውጭ እየሄዱ በየቦታው ይለኩ። እኛ ቤት በረንዳው ላይ ደህና ነበር፤ ማድ ቤቱን እንዳለፍኩ ወደቀ። ማድ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። አጠገቡ ደግሞ ውኃ የሞላ ሮቶ ቆሟል። ብረት ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ ውኃ ይውጠዋል። ብሎኬት ያዳክመዋል፤ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ይብሳል። ክረምት ላይ የረጠበ ቅጠል እንኳ ድርሻ አለው። ያን ሁሉ ዓመት እናቴንና እህቴን ያለያየው ውቅያኖሱ ሳይሆን ማድ ቤታችን ነበር ማለት ነው።

አንዳንዱ መፍትሔ ነፃ ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ከቡፌው ውስጥ አውጥተው ወደ ግቢው በሚያይ መስኮት አጠገብ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ብዙዎቹ ራውተሮች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች አሏቸው፤ ለውጭ 2.4 ይሻላል። ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም ያልፋል። ግቢዎ ትንሽ ከሆነ ይህ ብቻ ሊበቃዎ ይችላል።

እኛን አልበቃንም። በመጨረሻ ያዳነን ኬብል ነው። ተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል (ይህኛው «እስከ» እውነተኛ ነው)፤ ቆርቆሮም ሮቶም አያግደውም። ከራውተሩ ተነሥቶ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ 28 ሜትር ወሰደብን። ጫፉ ላይ ለውጭ የተሠራ አክሰስ ፖይንት ከጣራው ክፈፍ ሥር አሰቀልን። አቧራና ዝናብ መቋቋሙን የሚያሳየው አይፒ 65 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ምልክት ነው። መብራቱን በዚያው በኬብሉ ውስጥ ስለሚያገኝ ውጭ ሶኬት ማስገባት አላስፈለገንም።

ኬብሉን ሲገዙ አይቸኩሉ። ለውጭ የተሠራ፣ ፀሐይ የማይሰነጥቀው ይሁን፤ ውስጡም ንጹሕ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ርካሽ ነው፤ መብራት ለማስተላለፍ ግን አይታመንም። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያስኪዱት፤ ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ከራውተሩ ይንቀሉት። ለአክሰስ ፖይንቱ የቤቱን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ከሰጡት፣ ስልኩ ከሳሎን ግቢ ሲወጣ ሌላ ሳይጠይቅ ይሻገራል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፦ ግቢው ውስጥ የደረሰ ዋይፋይ አጥሩንም ያልፋል። የጎረቤት ልጆች በሁለት ቀን ደረሱበት። የእንግዳ ኔትወርክ ከፍቼ ለቡና ለሚመጣ ሰው እርሱን እሰጣለሁ፤ የቤቱን የይለፍ ቃል ለማንም አልናገርም። እናቴ ግን ለጠየቃት ሁሉ ትሰጥ ስለነበር ሁለቴ ቀይሬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እህቴ ስትደውል እናቴ አቮካዶው ሥር ነበረች። ስልኩ ከጎረቤት ጎረቤት እየተቀባበለ ዞረ። አንደኛዋ እናት «ከሳሽ እኮ፣ አትበይም እንዴ?» ብለው ተቆጧት። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ ዛፉን ወደ ላይ አሳየቻት፤ እህቴም ፍሬውን ልትቆጥር ሞከረች። በሩ ጋ አሁንም ይቆራረጣል። ለዚያ ሌላ ኬብል አልዘረጋም፤ በር ላይ ቆሞ ማውራት የሚወደው እኔ ብቻ ነኝ።