የማሽላ እንጀራ ስለ ምን ይደርቃል?



በሐይቅ ገበያ የጤፍ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ወር ጠባቂው ደመወዝተኛ በጤፉ ላይ የማሽላ ዱቄት ማስጨመሩ የታወቀ ነው። በአምባሰል ቆላማ ቀበሌዎች ግን ማሽላ የጤፍ ምትክ ሳይሆን ራሱን የቻለ የቤት እህል ነው። ይሁን እንጂ የማሽላ እንጀራ በማግሥቱ ሲሰባበር የጤፉ እንደ ለሰለሰ ይቈያል። በዚህም ጋጋሪዋ ትወቀሳለች፤ ወቀሳው ግን ፍርድ የጐደለው ነው፤ ምክንያቱ በእህሉ ስታርች ላይ ይገኛልና።

ስታርች ተክል በዘሩ ወይም በሥሩ የሚያከማቸው ነጭ ምግብ ነው። የማናቸውም ተክል ስታርች ከግሉኮስ የተሠራ ሲሆን ልዩነቱ በቅንጣቱ መጠንና ቅርጽ ነው። የድንች ቅንጣት እስከ 100 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ የበቆሎው በአማካይ 15 ያህል ነው፤ የጤፉ ግን ከ2 እስከ 6 ብቻ ነው። ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው።

ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም፤ የእንሰት ቡላ ከውሃው በታች የሚዘቅጠውም ስለዚህ ነው። ሲሞቅ ግን ቅንጣቱ ውሃ እየጠጣ ያብጥና ወደ ሙቅነት ይለወጣል። ድንች በ60 ዲግሪ ግድም ይጀምራል፤ በቆሎ ከ62 እስከ 72፤ ጤፍና ማሽላ ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ይፈልጋሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በሐይቅ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ ለሁሉም ይበቃል። እናቶቻችን ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን ቀንሰው በፈላ ውሃ አብሲት የሚጥሉትም ለዚሁ ጥቅም ነው፤ ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሙጫ ስለሌለው የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዝለታል።

እንግዲህ በአበሳሰል ጤፍና ማሽላ ተቀራራቢ ናቸው፤ የሚለያዩት ከበረዱ በኋላ ነው። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ የተበታተኑት ሰንሰለቶቹ እንደ ገና ይሰበሰባሉ፤ ምግቡም ይጠነክራል። የጤፍ ስታርች በዚህ ረገድ ዘገምተኛ ነው። ጥንካሬው ይበልጥ የሚፈጥነው ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ስለ ሆነ፥ ማቀዝቀዣ እንጀራን ከሻጋታ ቢያድንም ከመሶብ ይልቅ ቶሎ ያደርቀዋል። ሙቀት ግን ብዙውን ይመልሰዋል፤ የደረቀ እንጀራ በትኩስ ወጥ ሲፈረፈር የሚለሰልሰው እርጥበቱን ስላገኘ ብቻ አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የታተመ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፥ የማሽላውን ገለፈት ፈትጎ ማስወገድና ዱቄቱን ከጤፍ ጋር መቀላቀል እንጀራውን እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። ስለዚህ የቈጣቢዋ እመቤት ቅይጥ ከችግር የመጣ ቢሆንም በሙያ ረገድ የሚነቀፍ አይደለም፤ ማሽላው አስቀድሞ ቢፈተግ ደግሞ የተሻለ ይሆናል።